ቱቦ ሳይቀብሩ ራውተር ማስመጣት

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይዘቱን ቀይሯል። ድሮ ጫማና ሽቶ ነበር፤ ቀጥሎ ስልክ ሆነ። አሁን ባሕር ዳር ውስጥ አንዳንድ ቤት ከሚከፈተው ሻንጣ የሚወጣው ስምንት አንቴና ያለው፣ የተገለበጠ ሸረሪት የመሰለ ጥቁር ራውተር ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «10 ጊጋ» ተጽፏል። ባለቤቱ ተረክቦ ሳሎን ብፌ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለጎረቤት ያሳያል፤ ፎቶ አንስቶ ላኪውን ያመሰግናል። ማታ ልጁ የትምህርት ቪዲዮ ሊከፍት ሲል ግን ክቧ እንደ በፊቷ ትዞራለች።

ራውተሩ አልተበላሸም። ሰውየውም አልተታለለም፤ ዕቃው ውድና ጥሩ ነው። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። በቤት ኢንተርኔት የመጨረሻው ወጪ መሆን የነበረበት ሳጥን የመጀመሪያው ሆኗል። የአንድ ቤት ስህተት ቢሆን ማለፍ ይቻል ነበር። ችግሩ ቤት የሚሠራውም፣ ሆቴል የሚከፍተውም፣ ዕቃ የሚሸጠውም፣ መስመር የሚያስገባውም በዚሁ ስህተት መስማማታቸው ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ። ለመኖሪያ ቤት የሚገዛው የፋይበር ጥቅል የሚቆጠረው በሜጋ ነው። አንድ ጊጋ 1,000 ሜጋ ነው። አንድ ቤት ያስገባው 20 ሜጋ ከሆነ፣ ባለ 10 ጊጋው ራውተር ከመስመሩ 500 ጊዜ ይሰፋል ማለት ነው። ይህን ለማስረዳት ከባሕር ዳር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ወደ ዓባይ የሚወርደው ውኃ ግን ጨረጨራ ላይ ያሉት በሮች የፈቀዱትን ያህል ነው። ከበሩ በታች ያለውን ቦይ አሥር እጥፍ ቢያሰፉት አንዲት ጠብታ አይጨምርም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጉዳዩ ከጥቅሉ ዋጋም ያልፋል። በዓለም ላይ አብዛኛው የቤት ፋይበር የሚሠራው ጂፖን በሚባለው ሥርዓት ነው። ከማዕከል የሚነሳ አንድ የመስታወት ክር ወደ ታች 2.5 ጊጋ፣ ወደ ላይ ደግሞ 1.25 ጊጋ ያህል ይሸከማል። ይህን ክር መንገድ ላይ ያለ ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፍለዋል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ አንድ ቤት ብቻውን ቢነቃ እንኳ በዚህ ሥርዓት 10 ጊጋ ሊያገኝ አይችልም። ሰው «ሞደም» የሚለው፣ ባለሙያ ደግሞ ኦኤንቲ የሚለው፣ ከመስመሩ ጋር የሚሰጠው ነጭ ሳጥን ጀርባው ላይ «ጂፖን» የሚል ጽሑፍ ካለበት ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ለአንድ ቤት ብዙ ጊጋ የሚያደርሰው ኤክስጂኤስ-ፖን የሚባለው ተከታዩ ሥርዓት ነው። በሁለቱም አቅጣጫ 10 ጊጋ ይሸከማል። አሜሪካዊው ኤቲ ኤንድ ቲ እ.አ.አ. በጥር 2022 ለመኖሪያ ቤቶች 2 እና 5 ጊጋ መሸጥ ጀምሯል። ራውተሩን በሻንጣ የሚልከው ዘመድ የሚኖረው እንዲህ ባለ አገር ነው። እሱ ቤት ለዚያ ሳጥን የሚመጥን መስመር አለ። ሳጥኑ ሲላክ መስመሩ አብሮ አይላክም።

እዚህ ላይ የጉዳዩ እምብርት አለ። ከጂፖን ወደ ኤክስጂኤስ-ፖን ሲኬድ የሚለወጠው ማዕከል ላይ ያለው ካርድና ቤት ውስጥ ያለው ሳጥን ነው። የመስታወቱ ክር አይነካም። ሁለቱ ሥርዓቶች በተለያየ የብርሃን ሞገድ ስለሚሠሩ በአንድ ክር ላይ ጎን ለጎን መሄድም ይችላሉ። ዛሬ በ20 ሜጋ የሚሠራው ክር ነገ 10 ጊጋ የሚገባበት ነው። ሳጥን በአምስትና ስድስት ዓመት ያረጃል። ክሩና ክሩ ያለፈበት ቱቦ ግን የቤቱን ዕድሜ ይኖራሉ። ታዲያ ገንዘብ የሚገባው የትኛው ላይ ነው?

ባሕር ዳር እየሰፋች ነው። ዓባይ ማዶም ሆነ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ፣ በሐይቁ ዳርም ቢሆን ብሎኬት ይደረደራል፣ ኮለን ይቆማል። የቤቱ ፕላን የመብራት ወረቀት አለው፤ የሳኒተሪ ወረቀት አለው። የኢንተርኔቱ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ «በኋላ ይታያል» ተብሎ ይታለፋል። ልስኑ ካለቀ፣ ሴራሚኩ ከተነጠፈ፣ ጂፕሰሙ ከተሰቀለ በኋላ መስመር ሊያስገባ የመጣው ባለሙያ የመስኮት ፍሬም ይበሳል፤ ክሩን በበር ሥር አጥፎ ያሾልካል፤ ሳጥኑን ለመስኮቱ በቀረበው ጥግ ይሰቅልና ይሄዳል። መስታወት ደግሞ ሲታጠፍ ብርሃኑን ያፈሳል። ሚሊዮኖች የወጡበት ቤት በአንድ እጥፋት ይያዛል።

ቤቱ ገና ብሎኬት ላይ ሳለ ኮንዲዩት መቅበር ግን ከጠቅላላው ግንባታ ወጪ ቁጥር ውስጥ የሚገባ አይደለም። አንድ ቱቦ ከአጥሩ ምሰሶ ተነስቶ ሳጥኑ እስከሚቀመጥበት የቤቱ መሀል ድረስ ይሂድ። ከዚያ አንድ ወደ ሳሎን፣ አንድ ወደ ማጥኛ ወይም ሥራ ክፍል፣ ፎቅ ካለ አንድ ወደ ላይኛው ኮርኒስ። ከመብራት ሽቦ የተለየ ይሁን። በእያንዳንዱ ውስጥ ሲባጎ ይቅር፤ የነገው ሰው ጫፉን ይዞ የፈለገውን ይስብበታል። ይህን ያላሠራ ኮንትራክተር ሥራውን አልጨረሰም። ይህን ያልጠየቀ ባለቤትም ራውተሩ ላይ ማማረር የለበትም።

ከቱቦው ቀጥሎ ገመዱ። ገበያ ላይ «ካት 6» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ መዳብ አይደለም። ከውጭ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ብዙ አለ። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ከወጣ ለቱቦ አይሆንም። ሙሉ መዳብ የሆነ ካት 6 እስከ 55 ሜትር ድረስ 10 ጊጋ ሊሸከም ይችላል፤ ለአንድ መኖሪያ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ስምንቱም ሽቦዎች መታሰር አለባቸው። አራቱን ብቻ አስሮ የሚሄድ ሠራተኛ ቤቱን በ100 ሜጋ አጥሮት ይሄዳል፤ ባለቤቱም ለዓመታት ሳያውቀው ይኖራል።

ሦስተኛው መብራት ነው። «መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስለ ጊጋ ማውራት ምን ይባላል?» የሚል አለ። መልሱ ፋይበሩ ራሱ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ ያለው ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ብርሃንን የሚከፍል ተራ መስታወት ነው። ማዕከሉ የራሱ ባትሪና ጄኔሬተር አለው። ስለዚህ ሰፈሩ ሲጨልም መስመሩ ብዙ ጊዜ በሕይወት ነው፤ የሞተው ቤት ውስጥ ያለው ሳጥን ብቻ ነው። ሳጥኑ ደግሞ 12 ቮልት ነው፤ የሚበላውም 10 ዋት ገደማ ነው፤ ከአንድ ትንሽ አምፖል አይበልጥም። ለዚሁ የተሠራ አነስተኛ ዩፒኤስ ለሰዓታት ያቆየዋል። ለባለ 10 ጊጋ ራውተር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እዚህ ላይ ቢውል፣ ቤቱ መብራት በጠፋ ቁጥር ከዓለም አይቆረጥም ነበር።

የጣና ዳር ክረምት መብረቅም አለ። በመዳብ የስልክ መስመር ዘመን መብረቅ በሽቦው ገብቶ ሞደም ያቃጥል ነበር። መስታወት መብረቅ አይሸከምም፤ ክሩን ለመወጠር አብሮት የሚመጣው የብረት ሽቦ ግን ይሸከማልና ውጭ ላይ ተቆርጦ መቅረት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መግቢያ ሶኬቱ ነው። ደመና ሲያንዣብብ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚነቀልበት ቤት ራውተሩን በተራ ዲቫይደር ላይ ትቶት ይተኛል። ከትልቁ ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት በግቢው አየር ላይ የመዳብ ገመድ መዘርጋትም ለመብረቅ በር መክፈት ነው።

አራተኛው ቦታ ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም ብር አያስወጣም። ብፌ ውስጥ የተቆለፈ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ የተወሸቀ፣ ዳንቴል የለበሰ ራውተር በየቤቱ አለ። የራውተር ሞገድ ብሎኬትና ኮንክሪት ያደክመዋል፤ ቆርቆሮና መስተዋት ይመልሰዋል። ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከ2.4ቱ ይልቅ በግድግዳ ይሸነፋል። ፎቅ ላይ ዋይፋይ የማይደርሰው ሰው ተጨማሪ አንቴና ሳይሆን በገመድ የተገናኘ ሁለተኛ ሳጥን ነው የሚያስፈልገው። እሱም ቱቦ ይፈልጋል። ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቱቦው ጋ ይመጣል።

ራውተር መምረጥ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ምርጫው ቀላል ነው። ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ «10/100» ብቻ የሚል ሳይሆን «1000» የሚጨምር ይሁን። ዋይፋይ 6 ከሆነ ዛሬ በሜጋ ለሚቆጠር መስመር ይበቃል፤ ይተርፋልም። ዋይፋይ 7 እና ባለ 10 ጊጋ ቀዳዳ መስመሩ አንድ ጊጋን ባለፈ ዕለት ይገዛ፤ ያን ዕለት ዋጋው ይወርዳል፣ ዕቃውም ይሻሻላል። ከውጭ የሚልክ ዘመድም ሁለት ነገር ይወቅ። አሜሪካ ውስጥ ለቴሌቪዥን ኬብል መስመር የሚሸጠው ሞደም ፋይበር ላይ አይሠራም። ኦኤንቲ ደግሞ በመስመሩ ባለቤት ሥርዓት ላይ ካልተመዘገበ ዝም ያለ ፕላስቲክ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። ክልሉ በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለ ስለ ራውተርና ቱቦ መጻፍ ቅንጦት አይሆንም? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቷል። መደበኛው መስመር በሠራባቸው ቦታዎች ዋይፋይ ያለው ቤት ምን ማለት እንደነበር የባሕር ዳር ሰው መካሪ አያስፈልገውም። ውጭ ያለ ልጁን ድምፅ ለመስማት የመጣ አባት፣ ማመልከቻ ለመላክ የመጣ ተመራቂ፣ ሥራው ኢንተርኔት ላይ የሆነ ወጣት ሁሉ የሚያንኳኳው ያንን በር ነበር። ከላይ በትዕዛዝ የሚዘጋን መስመር የትኛውም ሳጥን አይከፍተውም፤ ይህን መደበቅ ውሸት ይሆናል። ክፍት በቀረው መስመር ግን አንድ ቤት አሥር ሰው ማስተናገድ መቻሉ ወይም አለመቻሉ የሚወሰነው በገመዱ፣ በባትሪውና በሳጥኑ ቦታ ነው። ይህ ቅንጦት አይባልም።

ጥፋቱ ሁሉ የቤት ባለቤት ነው ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። በየቤቱ ያለው ነጭ ሳጥን ላይ የሁዋዌ ወይም የዜድቲኢ ስም መታየቱ በአጋጣሚ አይደለም። እ.አ.አ. በ2006 ዜድቲኢ ዕቃውንም ብድሩንም ይዞ የገባው በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2013 ደግሞ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ሥራ ለሁዋዌና ለዜድቲኢ ተከፈለ። አገሪቱም እንደ ቤቱ አባወራ ሳጥኗን የመረጠችው በአምጪው ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሕር ዳር ሲደርስ የሲም ካርድ ምርጫ መጣ፤ ወደ ቤት የሚገባው ክር ግን ዛሬም በዋናነት የኢትዮ ቴሌኮም ነው። አማራጭ የሌለው ደንበኛ ያለው ብቸኛ መሣሪያ መረጃ ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ ይጻፍለት። የሚወርደው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የሚወጣውም ስንት ነው? የሚሰጠው ሳጥን ምን ዓይነት ነው፤ ቀዳዳው 100 ነው ወይስ 1000? ደንበኛው የራሱን ራውተር ከኋላው ማድረግ ሲፈልግ የቴሌው ሳጥን ድልድይ ብቻ ሆኖ እንዲሠራ ይደረግለታል? መስመር የገባ ዕለት ባለሙያው የብርሃኑን መጠን ለክቶ ለባለቤቱ ያሳይ። በጂፖን በተለመደው ደረጃ ቁጥሩ ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም መካከል መሆን አለበት፤ -27 ጋ የተጠጋ መስመር ገደል አፋፍ ላይ ያለ መስመር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚን መብት የማስጠበቅ ሥራ አለበት። አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቶ ይህን ማስገደድ ቢሊዮን ዶላር አይጠይቅም።

ብዙ ጊጋ አንድ ቀን ባሕር ዳር ይደርሳል። የዚያን ዕለት ዝግጁ የሚሆነው ቤት ብፌው ላይ ያረጀ ባለ ስምንት አንቴና ሳጥን ያለው አይደለም፤ ግድግዳው ውስጥ ባዶ ቱቦና ቱቦው ውስጥ ሲባጎ ያለው ነው። ብሎኬት እየደረደረ ያለ ሰው ልስኑ ሳይጀመር ዛሬውኑ ኤሌክትሪሻኑን ይጥራ። የውጭው ዘመድም ለራውተሩ ያሰበውን ብር ለቱቦው ይላክ።