ተከታታይ ምዘና በአንደኛ ደረጃ፦ ከውጤቱ በኋላ ምን ይደረጋል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በተከታታይ ምዘና እየተደገፉ በነፃ ዝውውር ከክፍል ወደ ክፍል እንዲሻገሩ ተደርጓል። የአሠራሩ መነሻ ግልጽ ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን በአንድ የዓመት ማጠቃለያ ፈተና ምክንያት ክፍል እንዲደግም ማድረግ ትምህርቱን ለማቋረጥ ሊዳርገው ይችላል። ስለሆነም መምህሩ ዓመቱን ሙሉ እየመዘነና የታየውን ክፍተት በወቅቱ እየሞላ ሕፃኑን ከእኩዮቹ ጋር ያሻግረዋል። ዝውውሩ ነፃ እንዲሆን የተፈቀደው ምዘናውም ድጋፉም ሳይቋረጡ ይከናወናሉ በሚል ታሳቢ ነው።

ይህ ታሳቢ በተግባር ያለበትን ደረጃ በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ክህሎት ምዘና በግልጽ አሳይቷል። ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍል ደረጃቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ለእነዚህ ሕፃናት ነፃው ዝውውር በሥራ ላይ ነበር፤ አብሮት ሊሄድ የሚገባው ድጋፍ ግን በሚፈለገው መጠን አልደረሳቸውም።

ለችግሩ አንዱ ምክንያት ተከታታይ ምዘና በብዙ ትምህርት ቤቶች ወደ ተደጋጋሚ አጫጭር ፈተናዎች መለወጡ ነው። የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራና የቃል ጥያቄ ነጥብ ተደምሮ ከመቶ ይሞላል፤ ድምሩም ወደ ሮስተር ይገለበጣል። ለአብነት ያህል፣ በአማርኛ ትምህርት ሁለት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች እኩል 60 አገኙ እንበል። አንዷ አቀላጥፋ ታነባለች፤ ስትጽፍ ግን ራብዕንና ኃምስን ታምታታለች። ሌላው ምንባቡን ከጓደኞቹ ሰምቶ በቃሉ ይወጣዋል፤ ፊደሎቹን ግን ለይቶ አያውቅም። የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ ፈጽሞ የተለያየ ሲሆን ቁጥሩ ግን አንድ ዓይነት አድርጎ ያቀርባቸዋል። የተማሪ ብዛት ከፍተኛ በሆነባቸው ክፍሎች ደግሞ ልዩነቱን ለይቶ መያዝ ለመምህሩ ይበልጥ አዳጋች ይሆናል።

በታችኛ ክፍሎች ያልተሞላ ክፍተት ከተማሪው ጋር ወደ ላይ ይጓዛል። በ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት በርካታ ምክንያቶች ቢኖሩም፣ ማንበብን በሚገባ ሳይማር የተሻገረ ልጅ ሌላውንም ትምህርት አንብቦ መረዳት እንደሚሳነው ግልጽ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎታል፤ ተማሪዎችም 6ኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ ክልላዊ ወይም ከተማ አቀፍ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው የደረሱበትን ደረጃ ለማወቅ ይረዳል። ሆኖም በ2ኛ ክፍል ንባብ ያመለጠው ልጅ ጉድለቱ በዚህ ፈተና ብቻ የሚታወቅ ከሆነ አራት ዓመታት ባክነዋል። በሌላ በኩል ክፍል ማስደገምን ብቸኛ መፍትሔ ማድረግ ያልገባውን ትምህርት በዚያው መንገድ ከመድገም ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም።

ስለዚህ የምዘናው ስኬት ሊለካ የሚገባው ከውጤቱ በኋላ በተወሰደው እርምጃ ነው። መምህራን ከድምር ነጥብ ጎን ለጎን ተማሪው የቻለውንና ያልቻለውን ክህሎት ለይተው ሊመዘግቡ፣ ርእሳነ መምህራን ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚሆን ጊዜ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ ሊያካትቱ፣ ሱፐርቫይዘሮችም ሮስተሩ መሞላቱን ብቻ ሳይሆን በምዘናው የተገኘው ክፍተት እንዴት እንደተሞላ ሊጠይቁ ይገባል። ወላጆችም ካርድ ሲቀበሉ ልጃቸው ስንተኛ እንደወጣ ከማየታቸው በፊት መጽሐፉን ገልጠው አንድ ገጽ ቢያስነብቡት፣ ቀጣዩን ክፍል ለመከታተል ያለውን ዝግጁነት በቀላሉ ይረዳሉ።