ምልክት ስለሌለው በሽታና ሕሙማንን ስለሚረዱ ውሾች

እግሩ የተሰበረ ሰው ምርኩዙ፥ ዓይኑ የጠፋ ሰው መሪው ይመሰክርለታል፤ እኛም አይተን መንገድ እንለቅለታለን። የስኳር በሽታ፥ የሚጥል በሽታ፥ ወይም ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው የሌሊት ቅዠት ግን ከውጭ የሚታይ ምልክት የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከሕመሙ በላይ ሁለተኛ ሸክም ይሸከማል፤ ይኸውም «ደኅና ሰው ሆነህ ሳለህ ምን ሆንሁ ትላለህ?» የሚለው የሰው ጥርጣሬ ነው። ለዛሬ የመረጥነው ነገር በአሜሪካ አገር እነዚህን ሕሙማን ስለሚረዱ ውሾችና ስለ ተሠራላቸው ሕግ ነው።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፥ ውሻ ቤት መጠበቁን የማያውቅ የለም። በአሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች የሚማሩበት «ሲይንግ አይ» የተባለ ትምህርት ቤት በናሽቪል ከተማ ተቋቋመ። ከዚያም ወዲህ ውሾች በዓይን የማይታየውን ሕመም እንዲረዱ ደግሞ ይማሩ ጀመር።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ በአንድ ደሲሊትር ደም ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ላብ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ነገር ይጠፋበታል። በእንቅልፍ ላይ ሳለ የወረደበት እንደ ሆነ ግን ሳያውቀው ራሱን ሊስት ይችላል። የተማረው ውሻ የትንፋሹንና የላቡን ሽታ መለወጥ አውቆ ጌታውን በእግሩ እየነካ ይቀሰቅሰዋል። በ2016 የወጣ የካምብሪጅ ሊቃውንት ምርመራ ስኳር ሲወርድ አይሶፕሪን የተባለው ነገር በትንፋሽ ውስጥ እንደሚበዛ ስላሳየ፥ ውሻው የሚያሸተው ይህን ይሆናል ተብሎ ታስቧል። ሆኖም ውሻም ይሳሳታልና፥ ሕመምተኛው ምልክቱን ባየ ጊዜ ደሙን በመለኪያ መመርመር አለበት። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ውሻው በአጠገቡ ይቆያል፥ ጮኾም ረዳት ይጠራል። ወታደሩንም ከክፉ ቅዠቱ ያነቃዋል።

ሥራችን ምስክርና ማስረጃ በሚጻፍበት በፍርድ ቤት ስለ ሆነ፥ ከሁሉ ይልቅ የሕጉ አሠራር ደስ አሰኝቶናል። በ1990 በወጣው የአካል ጕዳተኞች ሕግ መሠረት፥ የውሻው ጥቅም በግልጽ ካልታየ ባለ ሱቁ ሁለት ጥያቄ ብቻ ሊጠይቅ ተፈቅዶለታል፤ አንደኛው «ውሻው ስለ ጤና ጕድለት የሚያስፈልግ ነውን?» ሁለተኛው «ምን ሥራ ተምሯል?» የሚል ነው። በሽታው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ፥ ወረቀት አምጣ ማለት፥ ሥራውን አሠርተህ አሳየኝ ማለትም አይቻልም። በሌላ ወገን ሥራ ሳይማር በአጠገብ በመሆኑ ብቻ የሚያጽናና ውሻ በዚህ ሕግ አይቈጠርም፤ የተማረውም ቢሆን ቢያስቸግርና ጌታው ባይገታው ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ሕጉ የሕመምተኛውን ምሥጢር ሲጠብቅ አታላዩንም አልረሳም።

ይህ ነገር ለእኛም ሰዎች ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተንና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ታክሲ የሚነዱ፥ ምግብ ቤትም የከፈቱ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ውሻ ከደጅ እንጂ ከሰው ጋራ በማይቀመጥበት ልማድ ላደገ ሰው፥ ውሻ ይዞ የመጣውን መንገደኛ መቀበል ይከብደው ይሆናል። ነገር ግን ውሻ መፍራት ወይም ጠጕሩን አለመውደድ በሕግ ፊት ምክንያት አይሆንም፤ ደኅና መስሎ የታየውም መንገደኛ ያለዚያ ውሻ ከቤቱ ለመውጣት የማይደፍር ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ውሻ በሌለበት ቤት ግን ጥበቃው የቤተ ሰብ ሥራ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው ነቅቶ መዋጥ የሚችል እንደ ሆነ ቶሎ ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ ይሰጠው፤ ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመር ወደ ሐኪም ይወሰድ። የሚጥል በሽታ የጣለውን ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት፥ በጥርሱ መካከልም ማንኪያ ማግባት ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም፤ ከድንጋይና ከእሳት አርቆ፥ መንቀጥቀጡ ሲተወው በጎኑ አስተኝቶ፥ እስኪነቃ ድረስ ከአጠገቡ አለመለየት ይገባል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ያለፈ እንደ ሆነ ሐኪም ይጠራ።