ትንሿ ካውያና ትልቁ ንቀት

«የፕላስቲክ ጥሩር ደግሞ ምን ጥሩር ነው! የእውነት ቢሆን ብረት ይቀጠቀጥ ነበር» የሚል ትችት በሰማሁ ቁጥር እጄ ብዕር ፍለጋ ይሄዳል። ለመሆኑ ይህን የሚሉ ሰዎች ተዋናይ ብረት ተሸክሞ ሲዋጋና ሲወድቅ እንዲያመሽ ይፈልጋሉ? ሎረንስ ኦሊቪዬ እ.ኤ.አ. በ1944 «ሄንሪ አምስተኛ»ን ለፊልም ሲያበቃ፣ ወታደሮቹ የለበሱት የሰንሰለት ጥሩር ብረት መሳይ ቀለም የተቀባ ሹራብ ነበር። ተመልካቹ ያየው ግን ብረት ነው።

የዛሬው ባለሙያ በእጁ የያዘው ትንሿን ካውያ ነው። ሸሚዝ የምንተኩስባት አይደለችም፤ የአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎች በክንፍ ላይ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን የሚለጥፉባት ናት። ወርብላ የሚባለው ፕላስቲክ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ሲበርድ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የሙቅ አየር መንፊያ ለደረቱ ስፋት ጥሩ ነው፤ ጠርዝ ላጥፍበት ሲሉት ግን ትናንት ቅርጽ የያዘውን ጎን ሳይቀር ያላላዋል። ካውያዋ የነካችውን ብቻ ታሞቃለች፣ እያሞቀችም ትደፈጥጣለች። አንድ ቦታ ከቆየች ፕላስቲኩ አረፋ ያወጣል፤ ያን ጊዜ የሳምንት ድካም ገደል ገባ። (ይህን መጽሐፍ አንብቤ አይደለም የምለው፤ አውራ ጣቴ ምስክር ነው።)

ታዲያ ይህ ጥበብ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መልስ ሰጥቶበታል። አንድሩ ኤንስዎርዝ በ1976 ለ«ስታር ዋርስ» ወታደሮች የራስ ቁር ከፕላስቲክ ሠርቶ ነበር፤ መሣሪያው ካውያ ባይሆንም ነገሩ ያው በሙቀት የለሰለሰ ፕላስቲክ ነው። ከዓመታት በኋላ ቁሩን ለገበያ ሲያወጣ የፊልሙ ኩባንያ ከሰሰው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ! መብቱን ለማስከበር «ቅርጻ ቅርጽ ነው» ብሎ የተሟገተው ኩባንያው ሲሆን፣ «አይደለም» ማለት የነበረበት ሠሪው ራሱ ነው። ፍርድ ቤቱም ቁሩ ለፊልም ሥራ የሚያገለግል ዕቃ እንጂ ቅርጻ ቅርጽ አይደለም አለ። ሰውዬው የእጁን ሥራ ዝቅ አድርጎ ረታ።

ዳኞቹ በሕጋቸው ፈርደዋል፤ ከእነርሱ ጋር ሙግት የለኝም። ሙግቴ ከእናንተ ከቴአትር አዘጋጆች ጋር ነው። በመግለጫ ወረቀታችሁ ላይ ጥሩሩን የለበሰው ስሙም ፎቶግራፉም ሲወጣ፣ ጥሩሩን የሠራው «አልባሳት ክፍል» በሚል ቃል ሥር ይቀበራል። ስሙን ጻፉ። ቦታ ጠበበን ካላችሁም የስፖንሰሮቹን ማስታወቂያ በአንድ ጣት አሳንሱት።