ቅጠሉ የገረጣው ሁሉ ውኃ ጠምቶት አይደለም

ዛሬ የምንነጋገረው ጓሮ በሌለው የፎቅ ቤት ውስጥ፣ በመስኮት አጠገብ ስለምታሳድጓቸው የጓዳ ቅጠሎች ነው። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል በዘይት ጣሳ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ተተክለው ማየት የተለመደ ሆኗል። ለቡናውም ለወጡም በተፈለጉ ጊዜ ገበያ መውጣት ሳያስፈልግ እጅ ዘርግቶ መቀንጠስ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ቀን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን «ውኃ ጠምቶት ይሆናል» ብለን ጆጉን እናነሣለን፤ ወደ ሥራ ስንወጣ አንድ ጊዜ፣ ስንመለስ አንድ ጊዜ። አንዲት ጎረቤቴ ጤና አዳሟን እንዲህ ስታጠጣ ሰነበተች። ቅጠሉ እየባሰበት ሲሄድ ነቅለን ብናየው ሥሩ ጠቁሮ፣ ላሽቆ፣ መሽተት ጀምሮ ነበር። ተክሉን የገደለው የበዛው ውኃ ኖሯል።

ስለሆነም ውኃ ከመጨመራችሁ በፊት ጣታችሁን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ አስገቡ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ከሆኑ፣ የግንዱም ግርጌ ከለሰለሰ፣ ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነው። ማጠጣቱን አቁሙ፤ የጣሳውን መቀመጫ በሚስማር ብሱ፤ ከበታቹ ባለው ሳህን ላይ ውኃ አይጠራቀም። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ደረቅ ያለ አፈር ሲስማማቸው፣ ናና ግን አፈሩ ጨርሶ ሲደርቅበት ይጎዳል። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠን ማጠጣት ስሕተት ነው።

የአፈሩ እርጥበት ደኅና ሆኖ፣ ተክሉ ግን በዚያው ጣሳ ብዙ ወራት ከቆየና አሮጌዎቹ ቅጠሎች ከታች ጀምረው ከገረጡ፣ የአፈሩ ምግብ አልቋል፤ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ጨምሩለት። ግንዱ ቀጥኖና ረዝሞ ወደ መስኮቱ ካዘነበለ የጎደለው ብርሃን ነው፤ በሶብላ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ቅጠሉ ጠውልጎ ጫፉ ከደረቀ፣ አፈሩም ከጣሳው ዳር ከተላቀቀ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ውኃ ጠምቶታል።

ቀጥላችሁ ቅጠሉን ገልብጡት፤ ተባይ የሚደበቀው ከበታች ነውና። በለጋው ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ቅጠሉን የሚያጣብቅ ክሽክሽ ታገኙ ይሆናል። ወይም የቅጠሉን ፊት በነጫጭ ነጠብጣብ ሞልቶ ከጀርባው ስስ ድር የሚያደራ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታይ ተባይ ይኖራል።

በዚህ ጊዜ ለዝንብና ለበረሮ የገዛችሁትን መርጫ አደራ እንዳታነሡ! ይህ ቅጠል ነገ ከቡናው ሲኒ፣ ከልጆቻችሁ ሽሮ የሚገባ ነው። ለቤት ተባይ የተሠራ መርዝ በሚበላ ነገር ላይ አይረጭም። ክፉኛ የተጎዳውን ቀንበጥ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ የቀረውን ከቧንቧ ሥር ቅጠሉን እየገለበጣችሁ እጠቡ። ተባዩ ካልጠፋ በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ የተፋቀ ተራ ሳሙና አሟሙታችሁ፣ ፀሐይ ከበረደ በኋላ ከቅጠሉ ጀርባ እርጩ፤ በየ5 ቀኑም ድገሙት። ለምግብ ስትቀነጥሱ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠል ስለሚያቃጥል አይሆንም።

በቅጠሉ ጀርባ ግራጫ ሻጋታ ከታየም ቅጠሉን አስወግዱ፤ ጣሳዎቹን አራርቁ፤ መስኮት ክፈቱ፤ ስታጠጡም ቅጠሉን ሳታረጥቡ አፈሩ ላይ ብቻ አፍስሱ።

ይህ ሥራ ለእናት ብቻ የሚተው አይደለም። አባትም ልጆችም ተራ ገብተው አፈሩን በጣታቸው ቢመረምሩ፣ ጆጉ የሚነሣው በሚያስፈልግበት ቀን ብቻ ይሆናል። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሱ ከጆጉ በፊት ጣታችሁን አስቀድሙ።