መንገድ ያገኘ ሁሉ ገበያ አገኘ ማለት አይደለም

ስለ አውሮፓ መርከበኞች በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ዘወትር የሚወደሰው ባሕሩን የደፈረው ሰው ጀግንነት ነው። ነጋዴ ግን ይህን ታሪክ በሌላ ዐይን ሊመለከተው ይገባል። መርከቡ ከወደብ ከደረሰ በኋላ ምን ሆነ? ከሣጥኑስ ውስጥ ምን ወጣ? ብሎ መጠየቅ የነጋዴ ፋንታ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ቫስኮ ዳ ጋማ አራት መርከቦች ይዞ ከሊዝቦን የተነሣው በሐምሌ ወር 1497 ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ከሕንድና ከዚያ ወዲያ ካሉት ደሴቶች ተነሥተው፣ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ካይሮና ወደ እስክንድርያ ይደርሱ ነበር፤ ከዚያም የቬኒስ ነጋዴዎች እየገዙ ለአውሮፓ ያከፋፍሏቸው ነበር። ዕቃው በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዋጋው እየናረ ይሄዳል። ባርቶሎሜው ዲያስ በ1488 የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ ስለ ነበር፣ ፖርቱጋሎች በዚያ መንገድ ሄደው ከምንጩ ለመግዛት ተስፋ አደረጉ።

ዳ ጋማ በግንቦት ወር 1498 ካሊከት ደረሰ። ለከተማይቱ ንጉሥ ለዛሞሪን ያዘጋጀው ገጸ በረከት ግን ዐሥራ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ፣ አራት ቀይ ቆብ፣ ስድስት ባርኔጣ፣ አራት ድርድር መርጃን፣ ስድስት የእጅ መታጠቢያ ሳሕን፣ አንድ ሣጥን ስኳር፣ ሁለት በርሜል ዘይትና ሁለት በርሜል ማር ነበረ። የንጉሡ ሹማምንት ይህን ባዩ ጊዜ ሳቁ። ከመካ የሚመጣው እጅግ ድኻው ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያቀርባል አሉት። ካሊከት የዐረብና የጉጅራት ነጋዴዎች የሚገናኙባት፣ ወርቅና ብር የሚመዘንባት ታላቅ ገበያ ነበረችና፣ ባርኔጣና ሳሕን የሚያስደንቀው ሰው አልነበረባትም። እነሆ፣ የዓለምን ታላቅ የባሕር ጉዞ የፈጸመው ሰው፣ ገዢው ምን እንደሚፈልግ ሳይጠይቅ ዕቃ የጫነ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ።

ዕውቀት ማጣት የሚያስከፍለው በሣቅ ብቻ አይደለም። ሲሄድ ከማሊንዲ የባሕሩን ጠባይ የሚያውቅ መሪ ተሰጥቶት ስለ ነበር፣ ወደ ሕንድ የተሻገረው ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ነው። ሲመለስ ግን የነፋሱን ወራት ሳይጠብቅ ያለ መሪ ተነሣ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ያንኑ ባሕር ለመሻገር ሦስት ወር ያህል ፈጀበት፤ ብዙ ሰዎችም በበሽታ አለቁበት። ከአራቱ መርከቦች ወደ አገር የተመለሱት ሁለቱ፣ ከሰዎቹም ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ ናቸው።

ከዚህ ጉዞ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ የፖርቱጋል ንጉሥ ዳግማዊ ዦዋው ይህንኑ ሥራ በሌላ ዘዴ ጀምሮት ነበር። በ1487 ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ላከ። ይህ ሰው ማር የሚነግድ መስሎ እስክንድርያ ገባ፤ ቀጥሎም በካይሮና በኤደን አልፎ ካሊከትን፣ ጎዋን፣ ሆርሙዝንና ሶፋላን ተመለከተ፤ በመጨረሻም ወደ አገራችን መጥቶ በዐፄ እስክንድር ዘመን ደረሰ። ከዚያ በኋላ እንዲመለስ ስላልተፈቀደለት፣ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲመጡ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት አግኝተውታል። በእኛ አስተያየት ከአራቱ መርከቦች ይልቅ የነጋዴን ሥራ የሠራው ይህ አንድ ሰው ነው። የሄደው ለማየትና ለመጠየቅ ነበርና።

ፖርቱጋሎች ግን በገበያ ያጡትን በመድፍ ለማግኘት መረጡ። በ1500 የሄደው ካብራል ካሊከትን በመድፍ ደበደበ፤ ዳ ጋማም በ1502 ተመልሶ የመካ ተሳላሚዎችን የጫነ መርከብ ከነሰዎቹ አቃጠለ። ቀጥሎም ጎዋን፣ ማላካንና ሆርሙዝን ያዙ። የቀይ ባሕርን በር ለመዝጋት በ1513 በኤደን ላይ ያደረጉት ሙከራ ግን ከሸፈ። ምሽግና የጦር መርከብ ወጪ ይጠይቃል፤ ወጪውም የቅመሙን ትርፍ በላው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ቅመሙ በቀይ ባሕር በኩል እንደ ቀድሞው ወደ እስክንድርያ ይጎርፍ፣ ቬኒስም እንደገና ትነግድ ነበር።

ከእነርሱ በኋላ የተነሡት የሆላንድ ነጋዴዎች ናቸው። ሊንስሆተን የተባለው የአገራቸው ሰው በጎዋ የሊቀ ጳጳሱ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ያየውን መንገድና ገበያ በ1596 በመጽሐፍ አወጣላቸው። በ1602ም እርስ በርስ መሻማታቸውን ትተው፣ 6.4 ሚሊዮን ጊልደር በሚያህል ገንዘብ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ዕውቀትንና ገንዘብን ማስተባበራቸው ብልኅነት ነበር። ዳሩ ግን እነርሱም በ1621 በባንዳ ደሴቶች ሕዝብ ላይ እልቂት ፈጽመው የገውዝን ንግድ በኀይል ጠቀለሉ፤ ማኅበሩም በዕዳ ተዘፍቆ በ1799 ፈረሰ። እኛ የምንማረው ከመተባበራቸው እንጂ ከግፋቸው አይደለም።

ይህ የሩቅ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ይኖር ይሆናል። አገራችን ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር የላትም፤ የገቢና የወጪ ዕቃዋም አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ነጋዴዎቻችን ስለ መንገድ፣ ስለ ወደብና ስለ ማጓጓዣ ዋጋ አብዝተው መነጋገራቸው ተገቢ ነው። መንገድ ግን ይለወጣል። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት የዳ ጋማ መንገድ የተረሳ መስሎ ነበር፤ በ2023 መጨረሻ በቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት በደረሰ ጊዜ ግን ብዙ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን እንደገና በዚያው በአፍሪካ ጫፍ አዞሩ። ጉዞው ረዘመ፤ ዋጋውም ጨመረ። ነጋዴ ይህን ሊያዝበት አይችልም። በእጁ ያለው ገዢውን ማወቅ ነው።

እንግዲህ ሐሳባችን አጭር ነው። ወደ አዲስ ገበያ ዕቃ ከመጫኑ በፊት አንድ ዐዋቂ ሰው ከነናሙናው ይቅደም። ገዢው የትኛውን ደረጃ፣ በምን ዐይነት ማሸጊያ፣ በየትኛው ወራት እንደሚፈልግ ጠይቆ ይመለስ። ይህ ወጪ ለአንድ ነጋዴ ቢከብድ፣ በአንድ ዐይነት ዕቃ የሚነግዱ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ተባብረው ይክፈሉት፤ የተገኘውንም ወሬ በእኩል ይካፈሉት። ከተፎካካሪ ጋር ዕውቀት መካፈል ኪሳራ የሚመስለው አለ። ከዚህ የሚብሰው ግን ሁሉም በየፊናው ሄዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በገዢው ፊት ባርኔጣና ሳሕን ሲዘረግፍ መገኘቱ ነው።