ተከታይ ሞልቷል፤ ደንበኛ ግን የት አለ?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና የቴሌግራም ቻናሎቻችሁን ቁጠሩ። ጫማ፣ ሽቶ፣ ስልክ፣ የቤት ዕቃ፣ ያገለገለ መኪና... ስንቱን ሚውት አድርጋችሁታል? ማስታወቂያው በየደቂቃው ይለቀቃል። ያው ፎቶ፣ ያው «ኦሪጅናል ነው»፣ ያው «የቀረን ጥቂት ፍሬ ነው»። ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ትባላላችሁ። የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ሻጭ መዳፋችን ላይ እያለ ቁም ነገር ያለው ዕቃ መግዛት ስንፈልግ መጀመሪያ ጓደኛችንን «የምታውቀው ሰው አለ?» ብለን እንጠይቃለን። መረጃው ሲበዛብን ተመልሰን ወደምናውቀው ሰው ሄድን ማለት ነው።

መርካቶ ይህን ጉዳይ «ደንበኛ» በሚል አንድ ቃል ጨርሶታል። ሻጩ ገዢዋን «ደንበኛዬ» ይላታል፤ እሷም ሻጩን «ደንበኛዬ» ትለዋለች። ቃሉ ሁለቱንም ወገን ያስራል። ደንበኛ የሆነ ሻጭ «ይቺን ተያት፣ አትበረክትልሽም» ለማለት አይሳሳም፣ ሲቸግርም በዱቤ ይሰጣል። እሷ ነገም እንደምትመለስ ያውቃላ! እሷም ሱቁ ነገ እዚያው ቦታ እንደሚከፈት ታውቃለች። ሶሻል ሚዲያ በብዛት የሰጠን ግን ተከታይ ነው። ተከታይ ደግሞ በገንዘብ ይገዛል፤ ቻናሉም ዛሬ ተዘግቶ ነገ በሌላ ስም ሊከፈት ይችላል።

ክፍያው በጣም ፈጥኖ ቀሏል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ከሁለቱም በፊት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ብር መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ብሩ ማን ጋ እንደደረሰ፣ ያ ሰው ነገ ስልክ ያነሳ እንደሆነ ማወቅ ግን እንደ ድሮው ከባድ ነው።

ያለመተማመኑን ዋጋ ሁለቱም ወገን ይከፍላል። ገዢው ስለሚፈራ «ዕቃውን ሳላይ አልከፍልም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሻጩ በሞተር ይልካል፤ አንዳንዱ ገዢ ደግሞ ሞተረኛው በር ላይ ሲደርስ ስልኩን ይዘጋል። የሞተሩ ሒሳብ ከሻጩ ኪስ ወጣ ማለት ነው። በሌላ በኩል የተቀነባበረ የክፍያ ስክሪንሾት እያሳዩ ዕቃ ይዘው የሚሰወሩ አሉ። በዚህ መሃል የሚጎዳው ንጹሑ ነው፤ ሥራ ሲያጣ በስልኩ ንግድ የጀመረው ወጣት ከአጭበርባሪው እኩል ይጠረጠራል።

በየቻናሉ አንድ ዓይነት ፎቶ የምናየው ብዙዎቹ «ሻጮች» ዕቃው እጃቸው ላይ ስለሌለ ነው። ከሌላ ቻናል ፎቶ ወስደው፣ ትንሽ ጨምረው ያስተላልፋሉ። ድለላ ነውር አይደለም፤ ጥንትም ያለ ሥራ ነው። ግን ተራ ውስጥ ያለው ደላላ «ዕቃው የእኔ አይደለም፣ ቆይ ላምጣልህ» ይላል። ስልክ ላይ ያለው ይህን ይደብቃል፤ ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ ባለቤት ይጠፋል።

ታዲያ በዚህ ጫጫታ ውስጥ እውነተኛውን በምን እንለየው? ለማስመሰል በሚከብዱ ነገሮች ነው።

የመጀመሪያው በግልጽ የተጻፈ ዋጋ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ሻጮችም ምክንያት አላቸው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ይህ ዋጋ እስከ አርብ ይሠራል» ብሎ መጻፍ። ዋጋው የተደበቀ ከሆነ ግን ገዢው «እንደ ሰው አይቶ ነው የሚጠራው» ብሎ ይጠረጥራል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ቻናሉን ወደ ላይ ስቡና የመጀመሪያው ፖስት መቼ እንደተለቀቀ እዩ። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ መቼ እንደተከፈተና ስንት ጊዜ ስም እንደቀየረ ራሱ ገጹ ላይ ይታያል። ተከታይ በአንድ ሌሊት ይገዛል፤ የሦስት ዓመት ታሪክ ግን በአንድ ሌሊት አይሠራም።

ሦስተኛው ለቅሬታ የሚሰጠው መልስ ነው። ሙገሳ ብቻ የሞላበት ኮሜንት አያሳምንም። «ቁጥሩ ጠበበኝ» ላለ ሰው «ይመልሱት፣ እንቀይራለን» ተብሎ በአደባባይ ሲመለስ ግን ያ አንድ መልስ ከመቶ ላይክ በላይ ያወራል። ኮሜንቱን የዘጋ ሻጭ ይህን ዕድል ራሱ ላይ ዘግቷል።

ገዢዎችም የቤት ሥራ አለብን። የመጀመሪያው ግዢ ትንሽ ይሁን። ትልቅ ገንዘብ ከሆነ የንግድ ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን ሥርዓት ማጣራት ይቻላል። ቤትና መኪና በቲክቶክ ላይቭ አይታችሁ ቀብድ አትላኩ። ይህ በተለይ ዱባይና ዋሽንግተን ላላችሁ ወገኖች ነው፤ መጀመሪያ ሄዶ በዓይኑ የሚያይ፣ ሰነዱንም የሚያጣራ ዘመድ ይኑራችሁ። ሻጮች ደግሞ ስክሪንሾት አይታችሁ ዕቃ አትልቀቁ፤ ብሩ ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ራሳችሁ አረጋግጡ።

ቻናል ያላችሁ ወጣቶች፣ ሃያ ሺህ ተከታይ ኖሯችሁ ተመልሶ የሚገዛ ከሌለ በየቀኑ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። ተመልሰው የሚገዙ፣ ለጓደኞቻቸውም «እኔ የማውቀው አለ» የሚሉ ሃምሳ ሰዎች ካሏችሁ ግን ንግድ አላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ማታ አዲስ ፎቶ ከመልቀቃችሁ በፊት ባለፈው ወር ለገዛችሁ ሰው «ዕቃው እንዴት ሆነልዎ?» ብላችሁ ጻፉለት። መልሱ ቅሬታ ቢሆን እንኳ ጥሩ ነው፤ ደንበኛ ልታደርጉት የምትችሉት ያኔ ነው።