ግማሿ ኪሎ

በጥቅምትና በኅዳር ከዲላ ወደ ወናጎ ስታልፉ ጪጩ ላይ ቆም ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከመዘገበው ከዚያ ከእንሰቱና ከዛፉ ጥላ ሥር፣ አመሻሹ ላይ ሰዉ ቀይ እሸት ቡና ተሸክሞ ይወርዳል። ሰብሳቢው ሚዛኑን ሰቅሎ ይጠብቃል።

ዓለምን ስላለመምሰል ሲሰበክ ለእኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ሌላ ነው። ደራሮ ሲደርስ «ልሂድ ወይስ ልቅር» እያልን እንጨነቃለን፤ ስለ ልቅሶ ሥርዓት፣ ስለ ጫት እንመካከራለን። ይህም አይናቅም። ነገር ግን በጌዴኦ ሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ፊት መዋሸት ነውር ነው። ሚዛን ማጉደልን ከአባቶች አልወረስነውም፤ ከገበያው የተማርነው ነው። ይህኛውን ባህል ግን ማንም «ተውት» ሲለን አልሰማሁም።

አሠራሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ካልገባ ጥራቱ ይበላሻል። ስለዚህ ማታ ሚዛን ፊት የቆመች ሴት ዋጋው ባይጥማትም ይዛው ለመመለስ ይከብዳታል። አድርቃ ጀንፈል ልታደርገው ትችላለች፤ እርሱ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ ልጇ ደብተር የሚፈልገው ነገ ነው። አንዳንዷም ቡናው ገና እንጭጭ ሳለ፣ በክረምቱ ችግር ብር ተበድራበታለች። ሰብሳቢው ይህን ሁሉ ያውቃል። ሚዛኑ 17 ኪሎ ተኩል ሲያሳይ «17» ተብሎ ይጻፋል።

እኔም ጽፌያለሁ። በወጣትነቴ ለአንድ ሰብሳቢ መዝገብ እይዝ ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከመዘምራን ጋር እቆማለሁ። አንድ ምሽት አንዲት እናት የሚዛኑን መርፌ አዩና ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንተ የምትዘምረው ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ብራቸውን ቆጥረው ሄዱ።

ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የሚወቅሳቸው ነጋዴዎች ሰንበትን የሻሩ አልነበሩም። ሰንበቱ እስኪያልፍ ጠብቀው ነው ሚዛኑን የሚያዛቡት! ያን ክፍል ሳነብ ራሴን አገኘሁት።

ሰብሳቢ ወንድሞች የምትሉትን አውቃለሁ። ቡናው መንገድ ላይ ክብደቱ ይቀንሳል፣ መፈልፈያው ጋ ያለውም ሚዛን ይቆርጣል፣ ጉድለቱን ማን ይክፈል? እውነታችሁን ነው። ከገበሬውም ወገን እንጭጩን ከቀዩ ሥር የሚደብቅ፣ ውኃ የሚያርከፈክፍ አይጠፋም። ቢሆንም ጉድለቱ የታወቀ ከሆነ በዋጋው ላይ በግልጽ ይቀነስ። «በኪሎ አንድ ብር ቀንሼ እገዛለሁ፣ ሚዛኔ ግን ሙሉ ነው» ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሰው በመጀመሪያው ሰሞን ሻጭ ሊያጣ ይችላል፤ አላባብላችሁም። ከመመዘናችሁ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን ለባለ ቡናው ማሳየት ግን ምን ያስከፍላችኋል?

ዘኬዎስ በሉቃስ 19 አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። እኔም ከዓመታት በኋላ የአቅሜን ልመልስ ብዬ አሮጌውን መዝገብ አስፈልጌ ገለጥኩት። 17፣ 22፣ 9፣ 31 ይላል። ግማሾቹ አልተጻፉም።